ሸክላና ከበሮ ሲገናኙ፦ ስለ ጃፓኑ የጃዝና የሂፕሆፕ ቅይጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሰባቱን መርጠናል። አንዳንዶቹ ማዳመጥ ለሚወዱ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ራሳቸው ቢት ለሚሠሩ ናቸው። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሳሙራይ ቻምፕሉ» የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ካየሁ ወዲህ ሙዚቃው ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ጃዝ ልበለው ወይስ ሂፕሆፕ? በደንብ ላዳምጠው ብል ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

ሁለቱንም ነው። ቻምፕሉ የሚለው ቃል ራሱ የኦኪናዋ ደሴት ቃል ሲሆን ትርጉሙ ቅልቅል ማለት ነው። ሺንኢቺሮ ዋታናቤ ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ በ2004 መታየት ሲጀምር ሙዚቃውን የሠሩት ኑጃቤስ፣ ፋት ጆን፣ ፁቺ እና ፎርስ ኦፍ ኔቸር ናቸው። ከጆሮዎ ያልጠፋው ዜማ የኑጃቤስ ሳይሆን አይቀርም።

ኑጃቤስ የብዕር ስም ዓይነት ነው። ሰውዬው ሴባ ጁን ይባላል፤ ስሙን በላቲን ፊደል ጽፈው ከኋላ ወደ ፊት ቢያነቡት ኑጃቤስን ያገኙታል። የተወለደው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1974 ነው። የዲትሮይቱ የሂፕሆፕ ቢት ሠሪ ጄ ዲላም የተወለደው በዚያው ቀንና ዓመት ነው። ሳይተዋወቁ የአንድ ዘመን ድምፅ የቀረጹ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሴባ በቶኪዮ ሺቡያ የሸክላ መደብር ነበረው፣ ሃይድአውት የተባለ የራሱን አሳታሚም መሥርቷል። በ2010 በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

በ2003 በወጣው «ሜታፎሪካል ሚዩዚክ» ይጀምሩ፣ ከዚያ የ2005ቱን «ሞዳል ሶል» ያስከትሉ። ሲያዳምጡ አንድ ነገር ያስተውሉ። በአሜሪካው ሂፕሆፕ አብዛኛውን ጊዜ ከበሮው ፊት ይቆማል፣ የጃዙ ቁራጭ ከኋላው ጌጥ ይሆናል። እዚህ ግን ዜማው ነው የሚመራው፤ ከበሮው ለፒያኖው ቦታ ይለቅለታል። በሁለተኛው አልበም ላይ የኡያማ ሂሮቶን ሳክስፎን ይስሙ፤ ከሸክላ በተቆረጠ ድምፅና ሰው ስቱዲዮ ገብቶ በሚነፋው መካከል ያለው ስፌት የት እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

ከዚያ ፍጹም የተለየ መንገድ የያዘውን ዲጄ ክራሽን ይሞክሩ። በ1996 ከመለከት ተጫዋቹ ቶሺኖሪ ኮንዶ ጋር የሠራው «ኪ-ኦኩ» ጨለም ያለ፣ ባዶ ቦታ የበዛበት ሥራ ነው። በባንድ የሚጫወተውን ወገን ለመስማት ደግሞ በ2001 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተው ሶይል ኤንድ ፒምፕ ሴሽንስ አለ።

ይህ ሁሉ ለምን ጃፓን ውስጥ በረታ? ትልቁ ምክንያት የጃዝ ኪሳ የሚባሉት ቡና ቤቶች ይመስሉናል። ከውጭ የሚገባ ሸክላ እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን ሰው አንድ ስኒ ቡና አዝዞ፣ ወሬ ትቶ፣ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ጃዝ ያዳምጥ ነበር። በዮኮሃማ የሚገኘው ቺጉሳ የተከፈተው በ1933 ነው። ሸክላን እንዲህ ሲያዳምጥ የኖረ ከተማ ቆይቶ ሳምፕለር (ከሸክላ ድምፅ ቆርጦ የሚያጫውት መሣሪያ) እጁ ሲገባ ምን መቁረጥ እንዳለበት ያውቃል።

ጥያቄ፦ ከአንድ የፒያኖ ትሪዮ ሸክላ አራት ባር ቆርጬ በ90 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) እየተደጋገመ እንዲዞር ሉፕ አደረግሁት። በየዙሩ መጀመሪያ ይደናቀፋል፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅም አለው። ከበሮና ቤዝ ስጨምርበት ደግሞ ሁሉም ተደባልቆ ይጨቀያል። ምን አጠፋሁ? (ከአዳማ)

ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ ምክንያታቸውም አይገናኝም።

መደናቀፉ ከሰዓት ነው። በ90 ቢፒኤም አንድ ምት 0.667 ሰከንድ ይወስዳል፤ አራት ባር 16 ምት ስለሆነ ርዝመቱ 10.667 ሰከንድ መሆን አለበት። በ44,100 ሄርዝ ለሚሠራ ፕሮጀክት ይህ ልክ 470,400 ሳምፕል (እዚህ ላይ የድምፅ ልኬት ነጥብ ማለት ነው) ነው። ነገር ግን ትሪዮው ሲቀዳ ምት ቆጣሪ ጆሮው ላይ አላደረገም። አንዱ ባር ይፈጥናል፣ ቀጣዩ ይዘገያል። ጠቅላላ ርዝመቱን ቢያስተካክሉት እንኳ ውስጡ ያሉት ምቶች ከፍርግርጉ ወጥተው ይቀራሉ። ስለዚህ ይቀንሱ፦ ሁለት ባር (5.333 ሰከንድ) ይሞክሩ፣ ካልሆነ አንድ ባር። ያም እምቢ ካለ በየምቱ ቆራርጠው በየፓዱ (በሳምፕለሩ ቁልፎች) ያስቀምጡና በእጅዎ ይጫወቱት። መነሻውን ሲቆርጡ የፒያኖው መዶሻ ገመዱን የመታበትን ቅጽበት ይያዙ እንጂ የሲምባሉን አይከተሉ፤ ሁለቱ እኩል የሚያርፉት አልፎ አልፎ ነው።

«ጠቅ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ሞገዱ ዜሮን ሳይነካ መሃል ላይ ስለተቆረጠ ነው። መቁረጫውን ሞገዱ የዜሮን መስመር ወደሚያቋርጥበት ነጥብ ያምጡት፣ ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊሰከንድ የሚሆን ማደብዘዣ ይጨምሩ። የሲምባል ጅራት በድንገት የሚቆረጥ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ መጨረሻውንና መጀመሪያውን ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ያደራርቡ።

ጭቃው ደግሞ ከታች ነው። ከሸክላው የቆረጡት ድምፅ ውስጥ ኮንትራባሱም፣ የድራመሩ ኪክም አብረው መጥተዋል። እርስዎ በላያቸው ሌላ ኪክና ሌላ ቤዝ ሲጭኑ አንድ ወንበር ላይ አራት ሰው ይቀመጣል። ሳምፕሉን (የቆረጡትን ድምፅ) ከ120 እስከ 150 ሄርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ ይቁረጡለት። የመጀመሪያውን የቤዝ መስመር ከወደዱት በተቃራኒው ይሥሩ፦ ሳምፕሉን ያባዙ፣ ቅጂውን ከ200 ሄርዝ በላይ ይዝጉበት፣ ሞኖ ያድርጉት፣ አዲስ ቤዝ አይጨምሩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ብልሃት አለ። የ1960ዎቹ ስቴሪዮ ጃዝ ሸክላዎች መሣሪያዎቹን ግራና ቀኝ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። ሸክላውን በግራ ቻናል ብቻ፣ ከዚያ በቀኝ ብቻ ያዳምጡ። ከበሮ የሌለበት ፒያኖ ምንም መሣሪያ ሳያባክኑ የሚያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፍጥነት ሲቀይሩም ይጠንቀቁ። ቁራጩ 84 ቢፒኤም ከሆነና ወደ 90 ማምጣት ከፈለጉ ሶፍትዌሩ ድምፁን እንዲለጥጠው ከማድረግ ይልቅ፣ ሸክላ ሲፈጥን እንደሚሆነው ከፍታውም አብሮ እንዲጨምር ቢያደርጉ ፒያኖው ጤናውን ይጠብቃል። 90 ለ84 ሲካፈል 1.071 ነው፤ ይህም 1.19 ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ላይ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ቤዙን አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ካደረጉ 19 ሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ይጎድለዋል፣ «ለምን ያምመኛል» የሚያሰኝ መጣረስ ይፈጠራል። ሴንቱን ይጨምሩለት። አሮጌ ሸክላ ቀድሞውኑ ከመደበኛው የ440 ሄርዝ መቃኛ ሊርቅ ስለሚችል በመጨረሻ ዳኛው ጆሮዎ ነው።

ጥያቄ፦ ጃዝ በሦስት ይከፈላል ስለሚባል የከበሮ ማሽኑን ስዊንግ 66 ላይ አደረግሁ። ጥሩ ከመሆን ይልቅ የፈረስ ግልቢያ ሆነብኝ። (ከሐዋሳ)

ስዊንግ ከጥንድ ኖታዎች አንዱን አስረዝሞ ሌላውን አሳጥሮ መጫወት ነው፤ የጃዙ ስዊንግ እና የማሽኑ ስዊንግ የሚያወዛውዙት ኖታ ግን የተለያየ ነው። ጃዝ ስምንተኛውን ኖታ ሲያወዛውዝ የሂፕሆፕ ማሽን ደግሞ አሥራ ስድስተኛውን ያወዛውዛል። የ180 ቢፒኤም ጃዝ በ90 ቢፒኤም ከበሮ ላይ ሲጫን የጃዙ ስምንተኛ የእርስዎ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል፤ የሚገናኙት በዚህ በኩል ነው። ጃዝ ተጫዋቾች ደግሞ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ስዊንጉን እያቃኑት ይሄዳሉ። በ180 የሚሮጥ ትሪዮ ሁልጊዜ ልክ ሦስት ላይ የተከፈለ ስዊንግ አይጫወትም።

በቁጥር እንየው። በ90 ቢፒኤም ሁለት አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ተደምረው 333 ሚሊሰከንድ ናቸው። ስዊንጉ 50 ሲሆን ሁለተኛው ኖታ በ167ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ያርፋል፣ 54 ላይ በ180፣ 58 ላይ በ193፣ 66.7 ላይ በ222። ከ54 እስከ 58 መካከል ይጀምሩ፤ ሳምፕሉ ውስጥ ያለው ሲምባል የት እንደሚያርፍ በሞገዱ ላይ ለክተው ወደዚያ ያስጠጉት። ከዚያ ሃይ-ሃቱን ትተው ስኔሩን ብቻ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ይጎትቱት። ሁሉንም እኩል ካዘገዩ ምንም አልተዘገየም።

ጥያቄ፦ ጃፓን ያለ ዘመዴ ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ሊልክልኝ ነው። እዚህ መብራት ላይ ልሰካው እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

እንዲሁ እንዳይሰኩት! የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። በቀጥታ ከሰኩት የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል። ከ220 ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ወደ 110 የሚያወርደው በብዛት ይገኛል፣ ነገር ግን መሣሪያውን ለረጅም ጊዜ ያግለዋል። ዋቱ ከማጫወቻው ጀርባ ከተጻፈው ቢያንስ እጥፍ ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ የመብራቱ ድግግሞሽ ነው። ምሥራቅ ጃፓን 50 ሄርዝ፣ ምዕራቡ 60 ሄርዝ ይጠቀማል፣ እኛ 50። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ያሉት በኳርትዝ የሚቆጣጠሩ ቀጥታ-ነጂ ሞተሮች በዚህ አይነኩም። በቀበቶ የሚሽከረከሩ አሮጌ ማጫወቻዎች ግን ፍጥነታቸውን ከመብራቱ የሚወስዱ አሉ፤ ለ60 ሄርዝ የተሠራው እዚህ 33⅓ ሊዞር ሲገባው ወደ 27.8 ይወርዳል፣ ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ከመላኩ በፊት ጀርባው ላይ «50/60» የሚል መኖሩን ዘመድዎ ያረጋግጥ። የፎኖ ማጉያም ያስፈልግዎታል፤ ያለ እርሱ ድምፁ ቀጭንና ደካማ ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ክራር እጫወታለሁ። የጃፓን ዜማ ስሰማ ባቲና ትዝታ የሰማሁ ይመስለኛል። የእኔ ስሜት ብቻ ነው? በእነዚህ ቢቶች ላይስ ክራር ማስገባት ይቻላል? (ከደሴ)

ስሜትዎ ልክ ነው። ከዶ ተነሥተን ብንጽፈው ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ጃፓኖች ዮናኑኪ የሚሉት፣ «አራተኛና ሰባተኛ የሌለው» ማለት ነው፣ ያው ራሱ ነው። ግማሹ ትዝታ፣ ሚ እና ላ ፍላት ሲሆኑ፣ የዮናኑኪው ማይነር ነው። አምባሰል፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ጃፓን ውስጥ ሚያኮ-ቡሺ ከሚባለው ጋር ይገጥማል። ባቲ ደግሞ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ፣ የኦኪናዋ ቅኝት ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ብቻውን የቀረው አንቺሆዬ ነው። ይህ ሁሉ በፒያኖ ቁልፍ ሲለካ መሆኑን አይርሱ፤ ባለሙያ በጆሮው የሚቃኘው ክራር በጥቂቱ ከዚያ ይርቃል፣ የዜማው አካሄድና ጌጡም ይለያያል። የሚመሳሰሉት ደረጃዎቹ ናቸው።

ነገር ግን እነዚህ ቢቶች ስምምነታቸውን የሚወስዱት ከጃዝ እንጂ ከጥንታዊው የጃፓን ዜማ አይደለም። ጃፓን ውስጥ በጣም የሚወደደውን አንድ የኮርድ ዑደት እንውሰድ፦ ፋ ሜጀር 7፣ ሚ 7፣ ላ ማይነር 7፣ ዶ 7። ክራርዎን በዶ ሙሉ ትዝታ ቃኝተው በላዩ ይጫወቱ። ፋ ሜጀር ላይ አምስቱም ክሮች ያምራሉ፤ ላ የኮርዱ ሦስተኛ፣ ሚ ሰባተኛው፣ ሶል ደግሞ ዘጠነኛው ይሆናሉ። ፋ ራሱ ክራርዎ ላይ ስለሌለ ዜማው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ይህ ነው ውበቱ። ላ ማይነርና ዶ 7 ላይም ሥጋት የለም። አደገኛው ሚ 7 ነው፦ ኮርዱ ውስጥ ሶል ሻርፕ አለ፣ የእርስዎ ክር ደግሞ ሶል ነው። እዚያ ባር ላይ ሶልን ነክተው ይለፉ እንጂ አይቆዩበት፤ ማረፍ ካማረዎ ሚ ወይም ሬ ላይ ይረፉ።

ሲቀዱ ክራሩን ለሳምፕሉ ይቃኙት እንጂ ሳምፕሉን ለክራሩ አያስተካክሉት። ማይክሮፎኑን ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቅ አድርገው ወደ ገበታው ጠርዝ ያዙሩት፤ በጣም ከቀረበ የጣት ድምፅ ከዜማው ይበልጣል። ክራሩ የሚጫወትባቸውን ባሮች ላይ የፒያኖውን ሳምፕል ደግሞ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት። ሁለቱም የሚኖሩት በመካከለኛው ድምፅ ስለሆነ እኩል ከጮኹ አንዳቸውም አይሰሙም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ በእንዲህ ዓይነት ለስላሳ ቢት ላይ ራፕ ስጽፍ ቤቱ ሁልጊዜ በ«ነው» እና በ«አለ» ይመታል፣ ሰለቸኝ። ጃፓኖቹ ይህን እንዴት ተወጡት? (ከቴል አቪቭ)

ችግሩ የጋራችን ነው። ጃፓንኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ስንኝ ሁሉ በአንድ ዓይነት የግስ ጅራት ያልቃል። ከኑጃቤስ ጋር የሠሩት ራፐሮች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ይህ አልገጠማቸውም። በጃፓንኛ የሚጽፉት ግን ሁለት መውጫ አገኙ። አንደኛው ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ በስም መጨረስ ነው። ይህ ከጥንት ግጥማቸው የመጣ ስልት ነው፣ በእኛም ግጥም ያለ ነው። ሁለተኛው ተነባቢውን ትቶ የበርካታ ቀለሞችን አናባቢ ማመሳሰል ነው።

ይህን ሁለተኛውን በፊደል ገበታችን መሥራት እንዲያውም ይቀላል። «ከተማ» ግዕዝ፣ ግዕዝ፣ ራብዕ ነው። «ጨረቃ»፣ «ገበያ» እና «ደመና»ም እንዲሁ። በመጨረሻው ፊደል ከተለካ አንዳቸውም ከአንዳቸው ጋር ቤት አይመቱም፤ በ90 ቢፒኤም ምት ላይ፣ ሦስቱም ቀለሞች በተመሳሳይ ቦታ ሲያርፉ ግን ጆሮ ይቀበላቸዋል። ጃፓንኛ አምስት አናባቢ ብቻ ሲኖረው እኛ ሰባት ስላለን ተስማሚ ቃል ማግኘት ይከብዳል፤ ሲገኝ ግን የበለጠ ይደምቃል። መካከላቸው ሳድስ ያለባቸው ቃላት ላይ ይጠንቀቁ፤ ሳድስ አንዳንዴ ስለሚዋጥ ጽሑፉ ላይ ሦስት ቀለም የመሰለዎት ሲነገር ሁለት ይሆናል። ጮክ ብለው ሳያነቡ አይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ በ1976 የታተመ የጃፓን ጃዝ ሸክላ ቆርጬ የሠራሁትን ሥራ በኦንላይን መሸጥ እፈልጋለሁ። ከአምስት ሰከንድ በታች ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም የሚሉኝ አሉ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

በሰከንድ የሚለካ ነፃነት የለም። የድምፁን ከፍታ መቀየርም ከክስ አያድንም፤ የኦንላይን መድረኮች መለያ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይደርስበታል።

የሚያስፈልጉት ሁለት ፈቃዶች ናቸው፣ ሁለቱም የተለያየ ሰው እጅ ላይ ናቸው። አንዱ የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ነው። ከሸክላው ሽፋን ወይም ከመሃሉ ወረቀት ላይ በክብ ውስጥ ያለችውን የላቲን ፒ ይፈልጉ፤ አጠገቧ ያለው ዓመትና የድርጅት ስም መነሻዎ ነው፣ ምንም እንኳ ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ተሸጦ ሊሆን ቢችልም። ሌላው የዜማው ደራሲ ወይም አሳታሚው ነው። ትሪዮው የተጫወተው የአሜሪካ ዜማ ከሆነ ባለቤቱ ቶኪዮ ሳይሆን ኒው ዮርክ ሊገኝ ይችላል። ዜማው ጃፓናዊ ከሆነ በጃስራክ፣ በ1939 በተመሠረተው የደራሲያን መብት ማኅበር፣ የመረጃ ቋት ውስጥ አሳታሚውን ያገኛሉ። ነገር ግን ጃስራክ ዜማን የመለወጥ ፈቃድ ራሱ አይሰጥም፤ ለዚያ በቀጥታ አሳታሚውን መጠየቅ ይኖርብዎታል። ሥራዎን ኢትዮጵያ ውስጥም የሚያሰራጩ ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና በ2007 የወጣው ማሻሻያው (ሁለቱም ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው) ይመለከትዎታል።

በደብዳቤዎ የሚጠቀሙባቸውን ሰከንዶች ከሸክላው መነሻና መድረሻ ጋር ይጥቀሱ፣ የሠሩትን ቅጂ ያያይዙ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይግለጹ። መልስ ካልመጣ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት። የድምፁ ባለቤት ካልተገኘ ወይም የጠየቀው ገንዘብ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ያንኑ ሐረግ በፒያኖ ተጫዋች እንደገና ያስቀዱት፤ ያኔ የሚቀርዎ የዜማው ፈቃድ ብቻ ይሆናል። የሸክላውን ድምፅ ለማምጣት ፒያኖውን በአንድ ማይክሮፎን፣ በሞኖ ይቅዱት፣ ከ8,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ያለዝቡት፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም ሳምፕል ይቁረጡት።